የትውልድ ቦታው የማይታወቅ ድንጋይ

ቤቴ መደርደሪያ ላይ 2 ድንጋዮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የሁለቱም ሆድ ውስጥ እንደ ተሰባበረ አረንጓዴ ጠርሙስ የሚያበሩ ቅንጣቶች አሉ። የሚያያቸው ሰው ሁሉ ከአንድ ቦታ የመጡ ይመስለዋል። አንደኛው ሥር ግን ትንሽ ወረቀት አለች። «ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ከቀይ ኮረብታ ካባ፣ ከምሥራቁ ግድግዳ፣ ከአፋፉ 4 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጥር 2012» ትላለች። ካባ ማለት ለግንባታ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ወረቀት የለውም። ከመንገድ ዳር ነው የገዛሁት። ሻጩን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ከዚሁ ነው» አለኝ።

አንድ ቀን እንደ እኔው ድንጋይ የሚሰበስብ ጓደኛዬ ቤት መጣ። የመጀመሪያውን አነሳ። ወረቀቷን አነበበ። ወዲያው ልለውጥህ አለኝ። የሚሰጠኝ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ ሆዱ በነጭ ክሪስታል የተሞላ፣ የዕንቁላል መጠን ያለው ድንጋይ ነው። ከዚያ ሁለተኛውን አነሳ። «ይሄስ ከየት ነው?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። መልሶ አስቀመጠው።

ልዩነቱ ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች። በአዲስ አበባ ዙሪያ ድንጋይ የሚሸጠውም፣ የሚገዛውም፣ የሚለዋወጠውም ሰው ቀስ በቀስ እየበዛ ነው። ከዓለም ገና እስከ ዱከም፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ዳር ሲገበያዩ ይታያሉ። በዚህ ገበያ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ነገር የድንጋዩ የትውልድ ቦታ ነው። ዋጋውን፣ ሕጋዊነቱን፣ የአገር ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚወስነውም ያው የጠፋው ነገር ነው። ይህ ሲደጋገም በጣም ያሳዝነኛል።

ከተማው የቆመበት

አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ቢያዩ የሚከብቧት አሮጌ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። እንጦጦ ከሁሉም ያረጀ ነው፤ ድንጋዮቹ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋቸዋል። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከእሱ ብዙ ያንሳሉ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ልጅ ነው። ስለዚህ ከከተማው ዳር የሚነሳ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ዕድሜያቸው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የሚራራቅ ድንጋዮችን ሊያይ ይችላል። ከአንድ ዋና ከተማ ተነስቶ ይህን ማድረግ በሁሉም አገር የሚገኝ ዕድል አይደለም።

እኛ እነዚህን ድንጋዮች የምናውቃቸው በግንባታ ስማቸው ነው። ቀዩ ቀዳዳ የበዛበት «ሬድ አሽ» ይባላል። ብሎኬት የሚሠራበት ቀላሉ «ፑሚስ» ነው። ለመሠረት የሚገባው «ጥቁር ድንጋይ»፣ ለአጥር የሚጠረበው «ጥርብ»፣ ከክሬሸር የሚወጣው «ጠጠር» ነው። ለግንበኛ ይህ ስም ይበቃል። ሰብሳቢ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ማወቅ ይፈልጋል። ሬድ አሹ ጋዝ የበዛበት ቅላጭ አለት ወደ ላይ ተረጭቶ፣ አየር ላይ ቀዝቅዞ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ዙሪያ የተከመረ ነው። ቀይ የሆነው ውስጡ ያለው ብረት ገና ትኩስ እያለ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስለዛገ ነው። ጥርቡ ብዙ ጊዜ ኢግኒምብራይት ነው። ይኸውም እንደ ጎርፍ ምድርን እየጠረገ የሄደ የጋለ አመድ በገዛ ሙቀቱ ተጣብቆ የደነደነ ነው። በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለው የቱሉ ዲምቱ ስም እንኳ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። የአካባቢው ሰው መሬቱን አይቶ ነው ስም የሚያወጣው።

ለሰብሳቢ ትልቁ በረከት ካባ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ መንገድ፣ ፋብሪካ በተሠራ ቁጥር ኮረብታ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ውስጡ ይታያል። ትላንት በሣር ተሸፍኖ የነበረው ዛሬ 20 ሜትር ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፤ ንብርብሩ፣ ቀለሙ፣ በመካከሉ የተቀረቀረው ባዕድ ድንጋይ ሁሉ ይነበባል። ነገ ሲኖትራክ ይጭነዋል። የታየው ነገር በዚያችው ሳምንት ካልተመዘገበ ደግሞ ማንም አይመዘግበውም።

ወረቀት ያለው ድንጋይ ውስጥ ያሉት አረንጓዴ ቅንጣቶች የመጡት እንደዚህ ካለ ግድግዳ ነው። ቅንጣቱ ኦሊቪን ይባላል። ጥርት ያለውና ትልቁ ተሞርዶ ጌጥ ሲሆን ፔሪዶት ይሉታል። ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ ትናንሽ እሳተ ገሞራዎች ሲፈነዱ ከምድር ቅርፊት በታች፣ በአሥሮች ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለውን ድንጋይ ቁራጭ እየነቀሉ ይዘው ወጥተዋል። ቅላጩ ፈጥኖ ስለወጣ ቁራጩ ሳይቀልጥ ደረሰ። የሰው ልጅ ቆፍሮ ያልደረሰበት ጥልቀት ነው። አሁን በጭነት መኪና ተጭኖ ብሎኬት ሊሆን የሚሄደው ውስጥ አለ። መጀመሪያ ሲገባኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እና እንዲህ ያለውን ድንጋይ «የኢትዮጵያ ድንጋይ» ብሎ መሸጥ ምን ያህል እንደሚጎዳው አስቡት። የትኛው ኮረብታ እንደሆነ ከታወቀ የትኛው ፍንዳታ እንዳወጣው ይታወቃል። ካልታወቀ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። አለቀ።

ከእጅ ወደ እጅ

የሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ያለው የካባ ሠራተኛ ነው። ዲጂኖና መዶሻ ይዞ ከግድግዳው ሥር የሚውለው እሱ ነው። ድንጋዩ ከየትኛው ንብርብር እንደወደቀ በትክክል ያውቃል፤ ሲወድቅ አይቶታል። የሚያምር ነገር ሲያገኝ ለብቻው ያስቀምጣል። ደላላ ወይም አንድ መንገድ ዳር የሚሸጥ ልጅ መጥቶ በፌስታል ይወስድለታል። ያኔ «ከካባው» የሚለው «ከቢሾፍቱ» ይሆናል። ከሻጩ ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ወይም ወደ እንግዳ ሲያልፍ «ከቢሾፍቱ» ደግሞ «ከኢትዮጵያ» ይሆናል። በእያንዳንዱ እጅ ዋጋው ይጨምራል። በእያንዳንዱ እጅ ዕውቀቱ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ብዙ ብር የሚከፍለው ሰው ከሁሉም ያነሰ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ተከፍሎታል።

ይህ በግዴለሽነት ብቻ የሚሆን አይደለም። ደላላው ሆን ብሎ የሚደብቅበት ምክንያት አለው። ቦታውን ከተናገረ ገዢው በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ይሄዳል ብሎ ይሰጋል። እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። ግን ስሌቱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ቦታው የታወቀ ድንጋይ ቦታው ካልታወቀው የተሻለ ይሸጣል፤ ይህን በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰብሳቢዎች ሁሉ ያውቃሉ። በአሜሪካዋ የቱሳን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚታወቅ የድንጋይና የማዕድን ትርዒት አለ። እዚያ አንድ ክሪስታል ሲሸጥ አብሮት ወረቀቱ ይሸጣል። ማን አገኘው፣ የትኛው ማዕድን ማውጫ፣ በየትኛው ጥልቀት፣ ከማን እጅ ወደ ማን አለፈ የሚለው ሁሉ ይጻፋል። አሮጌ ወረቀት ከነተሸበሸበው ይጠበቃል። ወረቀቱ የጠፋበት ድንጋይ የቱንም ያህል ቢያምር ብዙ ጊዜ ለመደርደሪያ ጌጥነት ነው የሚሸጠው።

በነገራችን ላይ ከሰማይ ወረደ እየተባለ የሚሸጥ ጥቁር ድንጋይ በየጊዜው ይመጣልኛል። «ማግኔት ይስበዋል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይስበዋል። ግን የእኛ ተራ ጥቁር ድንጋይ ውስጥም ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን አለ። ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭም ይሳባል። ልጁ አላታለለም፤ የነገሩትን ነው የሚናገረው። ከየት እንዳነሳው በትክክል ቢታወቅ ግን ጥያቄው በ1 ደቂቃ ያልቅ ነበር።

መዘዞና ወገል ጤና

የቦታ ስም ዋጋን እንዴት እንደሚሠራና እንደሚያፈርስ ቀለም ከሚረጨው የከበረ ድንጋይ ከኦፓል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኦፓሉ የሚወጣው ከአዲስ አበባ ርቆ ቢሆንም ገበያው እዚሁ ነው፤ የዳር ዳሩ ሻጭም የሚኮርጀው እሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ፣ መዘዞ አካባቢ የተገኘ ኦፓል ወደ ዓለም ገበያ ወጣ። ከላዩ ቡናማ ክብ ድንጋይ ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀለም ይረጫል። ገዢዎች ተደነቁ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ነገር ታየ። ብዙው ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቅ ነበር። ከዚያ በኋላ «የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል» የሚል ወሬ ተሰራጨ። ልብ በሉ፣ «የመዘዞ» አልተባለም። የአንድ ሸንተረር ጠባይ ለመላ አገር ተሰጠ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ሌላ ኦፓል ተገኘ። ይሄኛው በገደል ወገብ ላይ በአንድ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ውስጥ ነው ያለው። ጠባዩም ሌላ ነው። አብዛኛው ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው ግን በፊት የሰማውን ወሬ ይዞ ነበር። ወሬውን የሰበረው የቦታ ስም ነው። «ወሎ ኦፓል» የሚለው መጠሪያ ራሱን ችሎ ወጣ። ዛሬ በየትም አገር ያለ የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴ «ወሎ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ደላንታ ደርሶ የማያውቅ ሰው ስሙን ይጠራል። ያንን ድንጋይ ለማውጣት ገደል ውስጥ ዋሻ ሲቆፍሩ ተደርምሶባቸው የቀሩ ወጣቶች አሉ፤ ስሙ በነሱ ዋጋ የተገኘ ነው።

የወሎው ኦፓል ሌላም ትምህርት አለው። ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይደበዝዝና እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ደረቁን ምላስ ላይ ቢያደርጉት ይጣበቃል። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ስለሚጨምር በግራም ሲገዙ ደረቅ መሆኑን ማየት ነው። ቀለምና ዘይትም እንደ ውሃው ስለሚጠጣ በቀለም የተነከረና በጭስ የጠቆረ ኦፓል ገበያ ላይ አለ። ጥቁር ኦፓል በርካሽ ቀረበልኝ የሚል ሰው ከየት እንደወጣ ይጠይቅ። ሻጩ የተፈጥሮውን ጥቁር ከየትኛው ቦታ እንዳመጣው መናገር ካልቻለ እጅን መሰብሰብ ይሻላል።

ባልጩት ላይ ሲደርስ

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ዋጋ ነው። ባልጩት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ከዋጋ ያልፋል።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ፣ አዋሽ ወንዝ ላይ መልካ ቁንጥሬ ይገኛል። ከእሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው መንደር ባልጪት ትባላለች። ስሟ የመጣው ከድንጋዩ ነው። ባልጩት ቅላጭ አለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ሲቀር የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። የባልጪቱ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሲሰበር ጠርዙ ከምላጭ ይስላል። መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጌራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን፣ ቀጥሎም የጣሊያን ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ቆፍረውበታል። በቦታው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ዘር ታሪክ በንብርብር ተቀምጧል። ሲምቢሮ በተባለው ስፍራ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከባልጩት የተሠሩ የእጅ መጥረቢያዎች ክምር ተገኝቷል። ያኔ የነበሩት ቀደምት ሰዎች ይህን ስል ድንጋይ መርጠው፣ አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ ደጋግመው ይሠሩ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። በባልጪት ማሳ ላይ የተፈጥሮው ባልጩትና የሰው እጅ የነካው ተቀላቅለው ነው ያሉት። ሰዎች እዚያ ድንጋዩን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲፈልጡ ኖረዋል። ገበሬው ሲያርስ ይወጣል። ልጆች ይለቅማሉ። መኪና ሲቆም ይዘው ይመጣሉ። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ ምርጡን ይዩ» ብሎኛል። እጁ ላይ የነበረው የጣቴን ያህል ርዝመት ያለው፣ ሁለቱም ጠርዙ በጥንቃቄ የተነቀሰ፣ ማለትም በትንንሹ እየተፈለጠ የተሳለ መሣሪያ ነበር። ተራ ድንጋይ አልነበረም። ልጁ አላወቀም። ገንዘብ አውጥቼ ልገዛ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ይህን ስናገር አሁንም ይከብደኛል።

በሰው እጅ የተፈለጠ ባልጩት ምልክት አለው። የተመታበት ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይኖራል። ከሥሩ ትንሽ እብጠት ይታያል። ከእብጠቱ ጀምሮ ኩሬ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚወጣው ዓይነት ክብ ክብ ሞገድ ይሄዳል። የተሠራ መሣሪያ ከሆነ ጠርዙ ላይ ትናንሽ ንቅሶች በሰልፍ ይደረደራሉ። ከብት የረገጠው ወይም መኪና የሰበረው ጠርዝ ንቅሱ እንዲህ አይሰለፍም። ግን ልምድ ያለው ሰው እንኳ ይሳሳታል። ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ አንድ ደንብ አለን፦ ከመልካ ቁንጥሬና ከባልጪት አካባቢ ምንም ባልጩት አይነሳም፣ አይገዛም፣ አይለወጥም። ተፈጥሯዊ ነው ቢባልም።

«መሬት ላይ የወደቀ ድንጋይ ቢነሳ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አለ። ጉልቻን አስቡ። 3 ድንጋዮች በቦታቸው ሲቀመጡ ምድጃ ናቸው። አንዷን አንስታችሁ ሳሎን ብታስቀምጡ ሳሎን ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው፤ ሜዳ ላይ የቀሩት ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። ምድጃው ሁለቱም ጋ የለም። የድንጋይ መሣሪያም እንደዚያው ነው። ተመራማሪው የሚያነበው መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ ከየትኛው አፈር፣ ከምን አጥንት ጎን፣ በየት በኩል ዞሮ እንደተኛ ጭምር ነው። ፌስታል ውስጥ ሲገባ ይህ ሁሉ ይሰረዛል። ወረቀት ጽፈን ብናስቀምጥ እንኳ አይመለስም።

ልጆቹን መርዳት የሚፈልግ ሰው ድንጋዩን ሳይገዛ የሚረዳበት መንገድ ሞልቷል። መንገድ እንዲያሳዩት ያድርግና ይክፈላቸው። ከቤታቸው ዕንቁላል ይግዛ። መልካ ቁንጥሬ ላይ በጎጆ ቤቶች የተሠራ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ይግባ። አንድ ድንጋይ በተገዛ ቁጥር 10 ልጅ በማግስቱ ማሳው ውስጥ ይገባል፤ ይህ የማይቀር ነው።

ባልጩት የግድ የሚያምረው ሰው ሌላ ቦታ ያገኛል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እነ አሉቶና ፈንታሌ ባልጩት አላቸው። እዚያም ቢሆን የተፈለጠ የሚመስል ነገር ካለ ሳይነኩ ማለፍ ነው። የአንዱ እሳተ ገሞራ ባልጩት ከሌላው በውስጡ ባሉ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መጠን ይለያል። ተመራማሪዎች ይህን በላቦራቶሪ መለኪያ ለክተው የጥንት ሰው ድንጋዩን ከየት ተሸክሞ እንደመጣ ይናገራሉ። ባልጩት የትውልድ ቦታውን ስም ሆዱ ውስጥ ይዞታል ማለት ነው። እኛ ግን መለኪያው ስለሌለን መጻፍ አለብን።

ሕጉና ወረቀቱ

ሕጉን ባጭሩ ልበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ማዕድን ለማምረት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። የግንባታ ድንጋይና በባህላዊ መንገድ የሚመረት ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው በክልል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቅርስ ድንገት ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ቅሪተ አካልም እዚሁ ውስጥ ነው።

እነዚህ ሕጎች የተጻፉት አምራችን፣ ነጋዴንና ቅርስን እያሰቡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ድንጋይ ቦርሳው ውስጥ የሚከት ሰው በደንብ አልታሰበም። በዚህ ክፍተት ሁሉም ሰው እንደፈቀደው ይተረጉመዋል። አንዱ «ድንጋይ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» ይላል። ሌላው ፈርቶ ያገኘውን አስደናቂ ነገር ለማንም ሳያሳይ ይደብቃል። ሁለቱም ይጎዳሉ። በእኔ እምነት ለሰብሳቢ የሚሆን ቀላል ደንብ ቢወጣ ይጠቅማል፦ ምን ያህል በእጅ ማንሳት እንደሚቻል፣ ከማን አስፈቅዶ፣ ምን ፈጽሞ እንደማይነካ። እስከዚያው ግን የራሳችንን ሥርዓት መያዝ የእኛ ፋንታ ነው።

ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ወደ ካባ ሲገቡ ባለፈቃዱን ወይም የቀኑን ኃላፊ ማስፈቀድ። ሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ከተንጠለጠለ ግድግዳ መራቅ፤ የሬድ አሽ ኮረብታ ሳያስጠነቅቅ ሊናድ ይችላል፣ ሠራተኞች ሞተውበታል። ድንጋዩ እንደተነሳ እዚያው ቆሞ መጻፍ። ቤት ስገባ እጽፋለሁ ማለት አይሠራም፤ 5 ድንጋይ ይዞ ከተመለሰ ሰው ሦስቱ ይምታቱበታል። የቅርብ ከተማው፣ የኮረብታው ወይም የወንዙ ስም፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም፣ የትኛው ንብርብር፣ ቀኑ፣ ያገኘው ሰው። ስልክ ላይ የቦታውን መጋጠሚያ ቁጥር ማየት ይቻላል፤ እሱንም። ድንጋዩ ላይ ደግሞ በማይታይ ጎኑ ፍሉድ በምንለው ነጭ ማጥፊያ ትንሽ ነጥብ አድርጎ ቁጥር መጻፍ። ወረቀት ከድንጋይ ይለያያል፤ ቁጥር አይለይም። ድንጋዮቹን የዕንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ ብታስቀምጧቸው አይጋጩም።

ስንለዋወጥ ወረቀት የሌለውን አንቀበልም። ይህን ደንብ ስናወጣ ጓደኞቻችን ከበደን አሉ። አሁን ግን ጥሩ ነገር አመጣ። በተለይ አንድ ነገር ላይ፦ የተሰረቀ ወይም ከቅርስ ቦታ የተነሳ ድንጋይ ይዞ የሚመጣ ሰው ቦታውን መጻፍ አይችልም። ቢጽፍ ራሱን ያጋልጣል። ሳይጽፍ ቢመጣ አይገዛለትም። ወረቀቷ ሳትቆጣም፣ ሳትከስም ትከለክላለች።

ሌላው ያገኘው ሰው ስም ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። በወረቀቱ ላይ የካባው ሠራተኛ ስም ይግባ፤ ከፈለገ። ድንጋዩ በኋላ በጥሩ ዋጋ ከተሸጠ ድርሻው ይድረሰው። ስሙ ያለበት ሠራተኛ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስቀምጠው ድንጋይ ላይ እሱ ራሱ ምልክት ያደርጋል። አንድ የማውቀው ሠራተኛ አሁን ያገኘውን ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ጠቅልሎ፣ በእርሳስ «ከላይ»፣ «ከመካከል»፣ «ከታች» እያለ ይጽፍበታል። ማንም አላስተማረውም። አንድ ጊዜ ብቻ ለምን እንደምጠይቅ ነገርኩት። የሱ ድንጋዮች ከደላላው ድንጋዮች በፊት ያልቃሉ።

ባለፈው ወር ወደ ቢሾፍቱ ሄጄ ነበር። ወረቀት የሌለውን ድንጋይ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ብመለከተው ከዚያው ካባ ይሆናል ብዬ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ስደርስ ግን ቦታው ጠፋኝ። ኮረብታው የለም። ተጭኖ አልቆ ሜዳ ሆኗል፣ ዳር ላይ ብሎኬት ተደርድሯል። አንድ አዛውንት ጥበቃ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። «አባቴ፣ እዚህ ካባ አልነበረም?» አልኳቸው። «ነበር እንጂ ልጄ» አሉኝ። ወረቀቷን አውጥቼ «የምሥራቁ ግድግዳ፣ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ» የሚለውን አነበብኩላቸው። ቀስ ብለው ተነሱ። በዱላቸው ከራሳቸው በላይ፣ ባዶ አየሩ ላይ አንድ ቦታ አሳዩኝ። «እዚያ ጋ ነበር» አሉ።